ያልተነበበው ቁጥር

አንድ የግድብ ጠባቂ ነበር። ይርዳው ይሉታል። ክረምት ሲገባ ወደ ግድቡ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ስለሚቆረጥ፣ ቤቱ ተቀምጦ የውሃውን በሮች በኮምፒውተር የሚከፍትበትና የሚዘጋበት መስመር ዘረጋ። መስመሩ የግል ነው፤ ከውጭ ያለ ሰው አያየውም። አዲስ ኮምፒውተር በዚያ ልግባ ሲል መጀመሪያ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ቃሉ ትክክል ከሆነ ለዚሁ ሥራ ብቻ ወደተመደበ አንድ ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል። ያ ቁጥር ካልተነገረ መግባት የለም። ስልኩም ከይርዳው ቤት አይወጣም። ግድቡ በሞላበት ወራት በሮቹ ሁሉ ባንዴ ቢከፈቱ ከታች ያለው መንደር በጎርፍ እንደሚጠረግ ያውቃልና።

ይህ ጥንቃቄ ወዳጅ አላፈራለትም። ከግድቡ በታች የሚያርሱት ሰዎች የውሃውን ልክ በየስልካቸው ማየት ፈለጉ። የሚስቱ የትሁኔ ወንድም ሳይቀር ለምኖት አፍሮ ተመለሰ። «አማቻችን በግድቡ የሚቀናውን ያህል በሚስቱ እንኳ አይቀናም» እያለ በየድግሱ ያስቅበት ጀመር።

ትሁኔ አልሳቀችም። «ወንድሜን ከሰው በታች አደረግከው» አለችው። «ልይ ብቻ ነው ያለህ።»

«የውሃውን ልክ በፈለገ ጊዜ ይደውልልኝ፣ እነግረዋለሁ። የመስመሩን በር ግን ለእሱ ብዬ ገርበብ ካደረግሁት፣ የሚገባው እሱ ብቻ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ልቡ ደንድኗል ብላ አኮረፈችው።

በነሐሴ ይርዳው ኔትወርክ ወደማይደርስበት አገር ለቅሶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ያ ስልክ ጮኸና ቁጥር አመጣ። ወዲያው በትሁኔ በራሷ ስልክ ተደወለ።

«እትዬ ትሁኔ፣ እንደምን ዋሉ? ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ጋሽ ይርዳውን ብንፈልጋቸው አጣናቸው።»

«ለቅሶ ሄዷል።»

«ነፍስ ይማር። እትዬ፣ ውሃው ግድቡን ሊዘል ነው። በሩን ከዚህ ሆነን ከፍተን እናስተነፍሰዋለን። አሁን የመጣውን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

«ለማንም ማለት ለእኛ ነው እንዴ? እናትዎ ከግድቡ በታች አይደሉም? ነገ ምን ብለው ሊያለቅሱላቸው ነው?»

ትሁኔ ቁጥር የመጣበትን ስልክ አነሳች። እምቢ ብትልና እውነት ቢሆን በእናቷ ላይ ሞትን በገዛ አፏ መፍረዷ ነው። ቁጥሩን አየችው። «ሰባት» አለች።

«ጎሽ፣ ቀጥሎስ?»

ቀጥሎ ያለውን ልትጠራ ስትል ግድቡ በዓይነ ልቦናዋ መጣባት፤ በሮቹ፣ ከአጠገባቸውም ካፖርቱን ደርቦ የሚቆመው ዘበኛ።

«ቆይ እስቲ» አለች። «በሩን በእጅ የሚያዞሩበት መዘውር አለ። አሁኑኑ ለዘበኛው እደውልለትና ይክፈተው። ውሃው ከጎደለ ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል?»



«ጊዜ የለም እኮ ነው የምልዎት።»

«ዘበኛው በሩ ላይ ነው፤ አንተ ሩቅ ነህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁጥሩን ንገሪኝ ብያለሁ!»

እትዬ ማለቱም አንቱታውም ባንድ ጊዜ ጠፉ። ትሁኔ ስልኩን ዘጋችና ለዘበኛው ደወለች።

«ውሃው? ከልኩ በታች ነው» አላት ዘበኛው። «ምነው፣ ሰላም አይደለሽም?»

ይርዳው ሲመለስ ሁሉን ነገረችው፤ «ሰባት» ማለቷንም አልደበቀችም። ጋቢውን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን ቀየረ። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ።

«የይለፍ ቃሉን አግኝተውታል ማለት ነው» አላት። «በእነሱና በመንደሩ መካከል የቀረሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ከዚያ ዓመታት አልፈዋል፤ ይርዳው ዛሬ በሕይወት የለም። ከግድቡ በታች ያሉት ሰዎች ግን ክረምት በመጣ ቁጥር በየቤታቸው በሰላም ይተኛሉ፤ ከምን እንደተረፉ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በእውነት የተቸገረ ሰው ችግሩ ይፈታለት እንጂ በየት በኩል ተፈታ ብሎ አይጣላም። ሊያጠፋ የመጣ ግን ሌላ መውጫ ሲያሳዩት ይቆጣል፤ የሚፈልገው ቁልፉን ነውና። በር የሚዘጋም ሁሉ ልበ ደንዳና አይደለም። እናንተስ፣ እምቢ ያላችሁን ሰው ከመቀየማችሁ በፊት፣ እምቢታው ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?