የተሰቀለው ቀፎ

የሰባተኛ ክፍሏ ረድኤት የጓደኛዋን የሊዲያን ምስጢር፣ የእናትና የአባቷን መለያየት፣ ለክፍሉ ልጆች አውርታ ነበር። ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ሊዲያም ይቅር አለቻት። «ታዲያ ጋሼ፣ ይቅር ካለችኝ ለምን እንደ ድሮው አታጫውተኝም?» አለቻቸው ሽማግሌውን መምህር ጋሽ ዘርጋውን፣ ዕንባዋ እየቀደማት። እሳቸውም እንዲህ ብለው ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ከጎረቤቱ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ክፉና ደግ አብረው ያዩ ናቸው። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቱ «ና ተከተለኝ» ብሎ ጫካ ይዞት ገባና ግንዱ የተቦረቦረ ዛፍ አሳየው። ውስጡ ንብ ሞልቶበታል። «ካንተ በቀር ለማንም አላሳየሁም» አለው።

ሰውየው ዓመት ሙሉ አፉን ያዘ። ደቦ ላይ ግን ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ የማር ወሬ ሲነሣ፣ ዝም ማለት አቃተውና ዛፉ ያለበትን ተናገረ። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱም የሚያውቀው ነገር እንዳለ እንዲታወቅለት ነው። አይ የሰው ነገር! በማግሥቱ ጎረምሶች ችቦ ይዘው ወጡ። ማሩን ቆርጠው ወሰዱ፤ ንቡም ተነሥቶ ጠፋ።

ሰውየው አፈረ። እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ጎረቤቱ ደጅ ቆመ። ጎረቤቱም ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት፣ አብረው ማዕድ ቆረሱ። ግን «ና ተከተለኝ» የሚለው ቀረ። ሰውየው ያቺን ቃል ናፈቀ። ጫካውን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። አንድ ቀን አልቻለምና «ምነው፣ ይቅር አላልከኝም እንዴ?» አለው።

«ብዬሃለሁ እንጂ! ንቡን ግን እኔ መች ያዝኩት? የት ሄጄ ላምጣልህ?» አለ ጎረቤቱ፣ እሱም እያዘነ።

ሰውየው ቤቱ ገባ፤ ቀፎ ሠራ፣ በወይራ አጠነ፣ እዚያው ዛፍ ላይ ሰቀለ። ጠዋት ጠዋት ሄዶ አንጋጦ ያያል፤ ባዶ ነው። ይመለሳል። «ጫካ ምን ጥሎብሃል?» ሲሉት ለማንም ትንፍሽ አላለም። አበባው አብቦ ረገፈ፤ እሱ ግን መመላለሱን አልተወም። አንድ ጠዋት ሲደርስ ጎረቤቱ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ሁለቱም አንጋጠው ቀፎውን አዩ።

«ንቡ መጣ?» አለች ረድኤት።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም የምትጠይቂው ይህንኑ ነው። ሊዲያ ድንጋዩን አውርዳልሻለች፤ ከዚህ በላይ አታስጨንቂያት። እምነቷ ግን እንደዚያ ንብ ነው፤ እሷም ብትሆን ጎትታ አታመጣውም። አንቺ ቀፎሽን ስቀይ፤ የሰማሽውን ሁሉ ሆድሽ ውስጥ አስቀሪ፣ ከአጠገቧም አትራቂ። የሚመጣበትን ቀን እኔም አላውቅልሽም። የመጣ ዕለት ግን ቀፎው ተሰቅሎ ያግኘው።