የይመር ስልቻ

ያቺን ተረት ዛሬ ገበያ ላይ እየሳቃችሁ ትወረውሯታላችሁ። ሳይተኮስ የተሸጠ ጋን ሲያፈስ፣ ሳይጠየቅ የተዳረ ሙሽራ ሰካራም ሆኖ ሲገኝ፣ አንዱ ብድግ ብሎ ይተርታታል፤ የቀረው ይስቃል። ሳቁ እንግዲህ፣ ማን ከለከላችሁ! እኔ ግን ከየት እንደመጣች ስለማውቅ አልስቅም። ከሥሯ ሰው ተቀብሯል።

ከወሎ ደጋ ወደ አፋር በረሃ በሚያወርደው አፋፍ ላይ ይመር የሚባል ስልቻ ሰፊ ነበር። አያቱም አባቱም ያንኑ ሲሰፉ ኖረው ነው ያለፉት። ጨው ሊያመጣ ወደ በረሃ የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ ውሃውን የሚይዘው በነሱ ስልቻ ነበር። ፍየሉ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ይገፈፋል፤ ቆዳው በእምቧይ ይለፋል፣ በእግር ይረገጣል፤ ክፍቱ ሁሉ በወስፌና በጅማት ይሰፋል። ይህን ማንም የሙያው ሰው ያውቀዋል። የይመር ቤት ወግ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ ስልቻ እስከ አንገቱ ውሃ ተሞልቶ ከቤቱ ወራጅ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ የተነፋ አመድ ይነሰነሳል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጅማቱ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥና የወስፌውን ቀዳዳ እስኪደፍን ቀናት ይፈጃል። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወርድ አመዱ ላይ ጉድጓዷ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ስፌቱ ይተረተርና ሥራው እንደገና ይጀመራል። ነጋዴዎቹም ገና ከደጅ፣ "ይመር፣ አመዱ ምን ይላል?" ይሉ ነበር እንጂ ስልቻውን ገልብጠው አያዩም።

ታዲያ ስልቻውን የሚያምን ሁሉ ሰፊውን ይጸየፍ ነበር። ከይመር ስልቻ ውሃ ይጠጣሉ፤ ከይመር ቤት እህል አይቀምሱም። ፋቂ ነዋ! በዓይኑ ይበላል ይሉታል። እስኪ ይህን ፍረዱ። ይመር የራሱን ለምዶት ነበር፤ ያቃተው የልጁ ነው። አራጋው አንድ ለናቱ የሆነ፣ መልከ መልካም ጎረምሳ ነበር። የወደዳትን ልጅ ሽማግሌ ቢልክባት አባቷ፣ "ለፋቂ ልጅ ከምድራት ገደል ብትገባ እመርጣለሁ" ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ አራጋው ወስፌውን እንደያዘ ይተክዛል።

አንድ ጠዋት አበጋዝ የሚባል ትልቅ ነጋዴ በቅሎውን እየኮለኮለ ደጁ ደረሰ። ባላንጣው ቀድሞት ወደ በረሃ ወርዷል፤ ጨው ቀድሞ ያወጣ ደግሞ ገበያውን ይይዛል።

"ይመር፣ አንድ ትልቅ ስልቻ ጎድሎኛል። አለህ?"

"አለ ጌታው። ግን ስፌቱ ያለቀው ትናንት ነው፤ አመድ አላየውም።"

"አመድህን ለሌላ ቀን አቆየው። ዛሬ እጭናለሁ።"

"የአባቴ ወግ ነው ጌታው። ሳልፈትን ሰጥቼ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ።"

አበጋዝ ዓይኑን ከስልቻው አንስቶ ጥግ ቆሞ ወደሚሰማው አራጋው አዞረ። የመንደሩን ወሬ ሰምቷል፤ የሰው ቁስል የት እንዳለ ማወቅም የነጋዴ ሙያ ነው።

"ይኸ ነው ያቺን ልጅ የተከለከለው? ስማኝ ይመር። ስልቻውን ዛሬ ስጠኝና ልጅህን ይዤው ልውረድ። ነጋዴ ይሁን! ከኔ ጋር ከአንድ ገበታ ይቁረስ። ስንመለስ የልጅቷ አባት ደጅ እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ እቆማለሁ። አበጋዝን እምቢ የሚል ካለ እናያለን!"

ከጓዳ የሚስቱ የዘሙ ድምፅ መጣ። "ኧረ ተው ይመር! አመዱን ሳትጠይቅ?"

"አባዬ…" አለ አራጋው።

ይመር የልጁን ፊት አየ። ያ ፊት ከስንት ጊዜ በኋላ በርቶ ነበር። ምን ያድርግ? ወላጅ ነው። ሞራ አቅልጦ ስፌቱን ሁሉ ለቀለቀው። የረጋ ሞራ ደጋው ብርድ ላይ ጠብታ አያሳልፍም፤ ይህ የሰነፍ ሰፊ ብልሃት መሆኑን፣ አባቱ በሕይወት ቢኖር እጁን እንደሚመታው ያውቃል። ውሃ ሞልቶ አነሳው፤ ጠብ አላለም።

"ይይዛል" አለ፣ አበጋዝን ሳያይ።

አራጋው የአባቱን ጉልበት ስሞ ተነሳ። "ይኸንን ስልቻ ማንም አይነካውም፣ እኔ በምስበው ግመል ላይ ነው የምጭነው። ያንተ እጅ ነዋ አባዬ!"

እነሱ ከወረዱ በኋላ ይመር መቀመጥ አልሆነለትም። ከዚያው ስፌት አንድ ታናሽ ስልቻ ቀርቶት ነበር። እሱንም እንደ ፊተኛው ሞራ ቀባና ውሃ ሞልቶ፣ እንደ ወጉ ከቤት መስቀሉን ትቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ሰቀለው። ከሥሩ አመድ ነሰነሰ። ፀሐይዋ ስትከር ሞራው እየቀለጠ ወረደ፤ ውሃውም ተከተለው። ዘሙ ወጥታ ብታይ አመዱ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል።

"ልጄን!" ብላ ደረቷን መታች። "ልጄን በላኸው!"

 ይመር በቅል ውሃ ይዞ፣ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ።

ጭነት የሌለበት ሰው በአቋራጭ ቆርጦ ግመል ላይ ይደርሳል። እነ አበጋዝን ያገኛቸው በበረሃው መሐል ካለው የውሃ ጉድጓድ ዘንድ ነው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ከጥላ ሥር ተዘርረው ነበር። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። አራጋው የለም።

"ልጄስ?"

አበጋዝ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። "ልጅህ ሌባ ነው! አዲስ ነው ብዬ የመጨረሻውን ግመል ሰጠሁት፤ ከኋላ ሆኖ ውሃችንን ጨለጠው። ስልቻው ስንፈታው ባዶ ነው። አልጠጣሁም ብሎ በእናቱ ይምላል! ታዲያ ማን ጠጣው? የይመር ስልቻ እንደማያፈስ አገር ያውቃል። በቀረችን ውሃ ሌባ አላጠጣም ብዬ ከነስልቻው ትቼው መጣሁ።"

 የይመር አያት ስም፣ የአባቱ ስም፣ የራሱም ስም፣ ሁሉም ተሰብስበው በልጁ ላይ ፈርደውበታል።

"ያፈሳል" አለ። "ይኸኛው ያፈሳል ጌታው። በሞራ ሸፍኜ ነው የሰጠሁዎት። ልጄ ሌባ አይደለም፤ ሌባው እኔ ነኝ።"

"አባት ለልጁ ምን የማይለው አለ!" አለና አበጋዝ ፊቱን አዞረ።

ጉድጓዱን የሚጠብቅ ሐመዱ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነበር፤ ከነጋዴዎች ጋር ሲውል አማርኛውን ለምዷል፤ የይመርን ቤት ወግም ከነሱ ሰምቷል። በትሩን ይዞ ተነሳ።

"በመጣችሁበት መንገድ ውሰዱኝ" አለ። "ሰው ይዋሽ እንደሆነ አላውቅም። መሬት ግን አይዋሽም። አንተም ተነስ አበጋዝ።"

ተያይዘው ሄዱ። ሐመዱ ጎንበስ ብሎ የመጨረሻውን ግመል ኮቴ ይከተል ነበር። ስልቻው የተፈታበት ስፍራ ሲደርሱ ቆመና በበትሩ አመለከተ። ከኮቴው ጎን ጎን፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች መስመር ይዘው አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ አፋቸው ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ይመር እነዚያን ጉድጓዶች ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። አበጋዝም አያቸው፤ አላየሁም እንዳይል ዓይነ ስውር አይደለም።

የአራጋው የእግር ዱካ ከዚያ ተነስቶ በዚያው መስመር ወደ ደጋው ይመለሳል፤ እሱን ተከትለው አራጋው ዘንድ ደረሱ። ከአንድ ድንጋይ ሥር፣ ጥላው ጥሎት ሄዶ፣ ስልቻውን አቅፎ ተኝቷል። አፉ ስፌቱ ላይ ነበር። እርጥበት ሲፈልግ ነው የሞተው። ይመር ቅሉን ከፍቶ ውሃውን የልጁ ከንፈር ላይ አፈሰሰ፤ በጉንጩ በኩል ወርዶ መሬት ጠጣው። ጮኸ፤ በዚያ በረሃ ላይ አፍ አውጥቶ እንደ ሴት አለቀሰ።

"እኔ ምን ላውቅ…" አለ አበጋዝ። "የይመር ስልቻ ነው ብዬ እኮ ነው…"

 ሐመዱ ከአራጋው ራስጌ ተንበረከከ፤ ዓይኖቹን ከደነለት፤ ስልቻውን ከክንዱ ቀስ ብሎ አላቀቀና ይመር እግር ሥር አኖረው። ከዚያ ዞሮ የመጡበትን የጉድጓድ መስመር እስከ መጨረሻው በዓይኑ ተከተለና እንዲህ አለ፦ "አመድ ያልመሰከረለት ስልቻ፣ አሸዋ ይመሰክርበታል።"