አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መድን

መንግሥት ሁለት የጤና መድን ድርጅቶች እንዲፎካከሩ ፈቀደና አንድ ግዴታ ጣለባቸው፤ ቢሯቸው ድረስ የመጣውን ሁሉ፣ ጤነኛም ይሁን በሽተኛ፣ ሳይመርጡ እንዲመዘግቡ። የአንደኛው ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ማንንም አልመለሱም። መመዝገቢያውን ብቻ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ አወጡት። ከዚያ ወዲያ በየስብሰባው፣ "ተፎካካሪያችን በሕክምና ወጪ ያቃስታል፤ የእኛን አባላት ጉንፋን እንኳ አይደፍራቸውም" እያሉ ይኩራሩ ጀመር።

አንድ ቀን ጉሊት ሽንኩርት የሚቸረችሩ አሮጊት ግድግዳ እየተደገፉ፣ በየፎቁ እየተቀመጡ ደረሱ። ልባቸውን እንደሚያማቸው ተናግረው ልመዝገብ አሉ። አቶ ልሳነወርቅ ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው፣ ወረፋ የያዙት ጎረምሶች ሁሉ እየሰሙ፣

"እማማ፣ ልብዎን ቢያምዎ ኖሮ ይህን ሁሉ ደረጃ አይወጡትም ነበር። ከወጡት ደግሞ ጤነኛ ነዎት። ለጤነኛ ሰው መድን ምን ያደርግለታል?" አሏቸው።

አሮጊቷ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ወደ ወረፋው ዞር ብለው አዩ።

"እሱን እነዚህን ልጆች ይጠይቁልኝ ጌታዬ" አሉ። "እኔ መድን የፈለግሁት ለመውረጃው ነው።"