ወንዝ የተሻገረው ዝባድ

በጎርዳማ ዱር ሥርዓት ሞልቶ ነበር፤ የሚሠራ ይሠራል፣ አያ ጅቦ ይበላል። አንበሳው ሲሞት ዙፋኑን የያዘው ይህ ጅብ «ሀገር የሁላችን ናት» ማለት ይወድ ነበር። የሁላችን የተባለው ሁሉ ግን የሚገኘው በእሱ ዋሻ ነው።

እመት ጥርኝ ከባሏ ጋር ከገላቸው የሚወጣውን ሽቶ፣ ዝባድን፣ ትነግድ ነበር። አያ ጅቦም የጥንብ ግማቱን የሚሸፍነው በእነሱ ዝባድ ነው። አንድ ቀን «ከገዢነት ባለቤትነት ይሻላል» ብሎ ባሏን በጠባብ ጎጆ ቆለፈበት፤ ያለ እረፍት ዝባዱን ሲያስወጣው ሰንብቶ ገደለው። ሚስቲቱ ሬሳውን ብትለምን «የመንግሥት ንብረት ነው» አላት።

አላለቀሰችም። በሸንጎ ተነሥታ፣ «ጌታዬ፣ ንግዳችን ወደ ውጭ ይስፋ፤ የስምዎም መዓዛ ይሰማ» አለች።

«ከሄድን አይቀር ባሕር ማዶ፣ ሀብታሞቹ ዘንድ!» አለ ዝንጀሮው።

«እዚያ ማን ያውቀናል? ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ያሉት ቋንቋችንን ይሰማሉ፣ ተጋብተናል፣ የምንወደውን ሽታ ይወዳሉ» ብላ መለሰች። የአያ ጅቦ ክንድ እዚያ እንደማይደርስ ግን በሆዷ ያዘችው።

ጅቡ ከሁለት መሶብ መብላት ታየውና ፈቀደ።

እመት ጥርኝ ተሻግራ ሱቅ ከፈተች፤ ገበያውም ደራላት። ከዚያ ንቦቹን፣ ጃርቱን፣ ወፎቹን በየተራ አስጠራች። ሁሉም «ቅርንጫፍ ልንከፍት ነው» እያሉ ሲወጡ አያ ጅቦ መርቆ ሸኛቸው። የተመለሰ የለም፤ ዝባድም አልመጣም። ግማቱ ከሩቅ ሲያስታውቅበት ሚዳቋዎቹ ሳይደርስባቸው ይበተኑ ጀመር፤ በመጨረሻም እነሱም ተሻገሩ። በጎርዳማ የቀረው አዋጅ ብቻ ሆነ።

በክረምት ጅቡ አጥንቱ ገጥጦ ወንዙ ዳር ደረሰ። ጎርፉ መልካውን ሸፍኖታል።

«እመት ጥርኝ! እህቴ! መሻገሪያው በየት ነው?»

ማዶ ያለው ገበያተኛ ሁሉ አፍ አፏን አየ። «ንገሪው እንጂ፣ ነፍስ እኮ ነው» አለች አንዲት አሮጊት ሚዳቋ።

ጅቡ ጥልቁ ወዳለበት ፈቀቅ ብሎ አንድ እግሩን ነከረ። «በዚህ ነው?»

እመት ጥርኝ ትክ ብላ አየችው። ደረቷ ውስጥ ለዓመታት የታፈነው እሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቃት።

«አዎ፣ ጌታዬ» አለችው በትሕትና።

ውሃው ሲወስደው እልል ያለ የለም። አሮጊቷ ሚዳቋ ዕቃዋን ጠቅልላ ከእመት ጥርኝ ሱቅ ራቅ ያለ ቦታ ትፈልግ ጀመር።