ገልብጦ ያላየው ኮርቻ

አንድ ኮርቻ ሠሪ ነበር። በቅሎ ጀርባዋ ሲቆስል ባለቤቷ "ታመመችብኝ" እያለ ይዟት ይመጣል። እርሱ ግን በቅሎዋን ትቶ መጀመሪያ ኮርቻውን ገልብጦ ያያል። የምትጎረብጠውን ስፌት በጣቱ ዳብሶ ያገኛትና "በቅሎህስ ደህና ናት፣ ጥፋቱ ኮርቻውን የሰፋው ሰው ነው" ብሎ ይስቃል። በዚህ ሙያው አገር ያደንቀው ነበር።

ይህ ሰው ሚስቱ ሞታበት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ብቻውን ያሳድጋል። ሴቷ አስካለ ትባላለች፤ ግራኝ ናት። ጎረቤት ደግሞ መቼ ዝም ይላል? "ግራ እጅ ለልብ ቅርብ ነው፤ ሲሠሩበት ልብን ያደክማል። ግራኝ ልጅ አትጠናም" አሉት። ልጁን ይወዳት ስለነበር ፈራ። ለበቅሎ ከሚቆርጠው ጠፍር ለስለስ ያለውን መርጦ፣ ገበታ በቀረበ ቁጥር ግራ እጇን ከወገቧ ጋር ያስረው ጀመር።

አምስቱም የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። የአስካለ ቀኝ እጅ ግን እንጀራ መቁረስ አልሆንለት አለ። ጠቅልላ ሳታነሳው ይበተናል፤ ወጡ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። እሷ ሦስተኛዋን ጉርሻ ከአፏ ሳታደርስ ወንድሞቿ ትሪውን ጠርገው ይነሳሉ። ልጆች ናቸው፣ ይርባቸዋል፣ ማን ይጠብቃታል? አባቷ "ጠገብሽ?" ሲላት እንዳይቆጣ ፈርታ "ጠግቤያለሁ" ትላለች። እየከሳች ሄደች። ጎረቤት "አላልንህም?" አለ፤ አባትየውም ጠፍሩን አጠበቀው።

በአንድ ዓውደ ዓመት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ለበዓሉ ሲባል ጠፍሩ ተፈቶላታል። ልጆቹ በተራ በተራ አባታቸውን እንዲያጎርሱ ተባለ። አስካለ ያቺን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ከሥጋው ለስላሳውን፣ ከእንጀራው መሀሉን መርጣ፣ አሳምራ ጠቀለለችና ወደ አባቷ አፍ ዘረጋች። ከደስታዋ ብዛት የዘረጋችው ግራ እጇን መሆኑን አላስተዋለችም። አባትየው እንግዶቹን አየ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ። ጉርሻዋ በእጇ ላይ ቀረች። ስምንት ዓመቷ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ኮርቻ ሠሪው አንድ ሽማግሌ ወጌሻ አስጠራ።

"አባቴ፣ ይቺን ልጅ ያድኑልኝ። ግራኝነቷ ሊገድላት ነው።"

"የቱ ጋ ነው የሚያማት?"

"አያማትም። ትከሳለች እንጂ።"

ወጌሻው እጇን አገላብጦ ዳበሰ፤ ምንም አላገኘም። ምሳ ሲቀርብ አብሯቸው ተቀመጠ። ጥቂት ቀመስ አድርጎ ልጅቷን ብቻ ያይ ጀመር። ትሪው ባዶ ሲሆን ወደ አባትየው ዞረ።

"በቅሎ ቆስላ ሲያመጡልህ መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው?"

"ኮርቻውን ነዋ።"

"ታዲያ የዚችን ኮርቻ መቼ ገልብጠህ አየኸው? ልጅህ የከሳችው ግራኝ ስለሆነች አይደለም። ርቧት ነው።"

ኮርቻ ሠሪው አፈረ፤ ጠፍሩን ፈታው። የሰው ዓይን ግን አሁንም ያስፈራው ነበርና ዘዴ ፈጠረ። ለአስካለ የራሷ ሳህን ተሰጣትና ከጓዳው በር አጠገብ ለብቻዋ እንድትበላ ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ጉንጯ ሞላ፣ ወዟ ተመለሰ፣ ጎረቤትም ሌላ ወሬ ፈለገ። እሷ ግን ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወንድሞቿ ከአባታቸው ጋር ሲሻሙ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲጎራረሱ ትሰማለች። ያን ጊዜ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ የተራበችው ረሃብ ይናፍቃታል። እንዲህ ያለውን ናፍቆት ለማን ይናገሩታል?

አድጋ ሁለት ቀን የሚያስኬድ አገር ተዳረች። በራሷ ቤት በፈለገችው እጅ ትበላለች፤ ባሏም ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥር የመጀመሪያዋን ጉርሻ አሳምራ ትጠቀልልና ከትሪው ዳር ታስቀምጣታለች።

"እማዬ፣ ይቺ የማን ናት?" ይሏታል ልጆቿ።

"የአያታችሁ።"

"መቼ ይመጣሉ?"

"እንጃ" ትልና፣ ወጥ ልትጨምር የምትነሳ መስላ ጓዳ ትገባለች። እዚያ እንባዋን ጠርጋ ትመለሳለች። እንዲህ ስታደርግ ሃያ ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ከወንድሞቿ መልእክት ደረሳት። አባቷ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ ከስቷል፣ በሽታው እየጨረሰው ነው። ልጆቿን ለባሏ ትታ ገሠገሠች። ስትደርስ ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ያው የድሮው ትሪ። አባቷ በሦስቱ ወንዶች ልጆቹ መሀል ተቀምጧል። ደህናውን ግራ እጁን በጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ በማይታዘዘው ቀኙ እንጀራ ሊቆርስ ይታገላል። እንጀራው ከጣቶቹ መሀል ይወድቃል። ወንዶቹ እንዳያፍር ብለው አቀርቅረው ይበላሉ። ጥቂት ቆይቶ አባትየው "ጠግቤያለሁ" አለ።

አስካለ ያንን "ጠግቤያለሁ" አወቀችው። የራሷ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "ለብቻቸው በሳህን ብናቀርብላቸውስ? እጃቸውን ማንም ሳያይባቸው..." አላት።

"አይሆንም! እዚያ ጓዳ በር ላይ እኔ ተቀምጬበታለሁ። እዚያ ሆድ ይሞላል፣ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።"

ሄዳ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ከእንጀራው መሀሉን ቆርሳ፣ ከወጡ ለስላሳውን መርጣ ጠቀለለች። እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ። የስምንት ዓመቷ ልጅ ፍርሃት አሁንም እዚያው ነበር።

"አባባ፣ ላጉርስዎ? በየትኛው እጄ?"

አባትየው እጇን አተኩሮ አየው። ሕመሙ አንደበቱን ስለያዘው ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ።

"በራስሽ እጅ... ያቺን የዓውደ ዓመቷን ጉርሻ አምጪያት። ርቦኛል።"

አፉንም ከፈተ።

አላምጦ ዋጠ። ከዚያ ግራ እጁን ከጋቢው ውስጥ አወጣና "እስቲ አሳዪኝ፣ እንዴት ነው የሚቆረሰው?" አላት። አሳየችው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲጠቀልል ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ወንዶቹም እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁት። ጉርሻዋን ግን ለራሱ አላደረጋትም፤ ወደ አስካለ ዘረጋት። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ አፏ ገባ። አስካለ እያለቀሰች አላመጠች። በየዓውደ ዓመቱ ከትሪው ዳር ያስቀመጠቻቸው ጉርሻዎች ግን የሚበላቸው ሳያገኙ ደርቀው ቀርተዋል፤ እነዚያን ማንም አይመልሳቸውም።

ወዳጆቼ፣ ሰውን "ይህ ነገሩ በሽታ ነው" ከማለታችን በፊት እኛ የጫንንበትን ገልብጠን እንይ። ያሰርነውን ፈትተን ጥግ ማስቀመጥም ማዳን አይደለም፤ ሰው እንደ አፈጣጠሩ ሆኖ ከገበታው ሲቀርብ ነው የሚድነው። ጊዜ ሳለም ይሁን፤ ኮርቻ ሠሪው አንዲት ጉርሻ ለመቀበል ሠላሳ ዓመት ፈጅቶበታል።

ለመሆኑ በእናንተ ቤት፣ ከጓዳው በር አጠገብ ሳህኑን ይዞ የተቀመጠው ማን ነው?