ዶክተር ደምለው ጁፒተርን የመዘነ ዕለት

አንድ ቀን ማስተዋል ከጤና ኬላው ስትወጣ በር ላይ «ልጅሽ ስንት ኪሎ ሆነች?» ተብላ ተጠየቀች። እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘችውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ኬላው ኃላፊ ደምለው ይባላል። ዶክተር ሳይሆን እናቶቹ ሁሉ «ዶክተር» ይሉታል፤ እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ከሬዲዮ የሰማውን ለወረፋው ካላስተማረ ምሳ አይበላለትም። ባለፈው ወር የማስተዋልን ልጅ ቤዛን መዝኖ፣ «በሚቀጥለው ካልጨመረች ከተማ ሆስፒታል ይዘሻት ትተኛለሽ!» ብሏት ነበር። ማስተዋል ከዚያ ወዲህ ልቧ አላረፈም። ወሩን ሙሉ በአንድ እጇ ቤዛን፣ በሌላው የበቆሎ ከረጢት አንጠልጥላ ስታመዛዝን ከረመች። አንድ ቀን በቆሎው ይከብዳታል፣ አንድ ቀን ቤዛ።

ቀኑ ደረሰ። ልጆቹ የሚንጠለጠሉበት ሚዛን ግን ተበጥሶ ዛፉ ሥር ወድቋል።

«ችግር የለም» አለ ደምለው። «ያለፈውን ወር ቁጥር እገለብጠዋለሁ።»

«ኧረ ዶክተር! እሱ ከተገለበጠማ አልጨመረችም ማለት አይደል?» አለች ማስተዋል።

«ታዲያ ያለ ሚዛን ምን ላድርግ? ያለ ሚዛን የሚመዘነው ጁፒተር ነው!»

«እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉ እትዬ ባንቺወሰን ከወረፋው መሀል።

«ፕላኔት ነው እንጂ! በክብደት መሬትን ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል። መንኮራኩር ይልኩና በአጠገቡ ታልፋለች፣ በሬዲዮ ድምፅ እየላከች። ግዙፉ ሲስባት ፍጥነቷ ይለወጣል፤ ድምጿም ይቀጥናል ወይ ይወፍራል። እዚህ መሬት ላይ ያሉት ሳይንቲስቶች ድምጿን አድምጠው ክብደቱን ያውቁታል። ጨረቃዎቹም ጎተት ሲያደርጓት እንደዚሁ ይመዘናሉ። ሳይንስ ነው!»

ይህን ሁሉ ሲል ድምፁ ከበሮ ነበር። ካርድ እያደለ ወረፋውን ወረደና ማስተዋል ጋ ደረሰ። ቤዛ ቀና ብላ ጥርስ የሌለው ድዷን አሳየችው።

«እሹሹሹ! የኔ ማር! ማናት እቺ? እቺ ማናት?» አለ፣ ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጥኖ።

ማስተዋል ካርዱን አልተቀበለችውም።

«ዶክተር፣ አሥራ አንድ እናት አልፈው ሲመጡ ድምፅዎ ንቅንቅ አላለም። እኔንም ሲያናግሩኝ ያው ነበር። ልጄ ጋ ሲደርሱ ግን ሰማነው፣ እንዲህ ቀጠነ። እኛ ዙሪያዋን የምንዞረው ጨረቃዎቹ ነን፤ ግዙፏ እቺውልዎ! እንግዲህ የሰሙትን ይጻፉ!»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ደምለው ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ቤዛ እንደገና ሳቀችለት፤ «እሺ!» ያለውም በዚያው በጫጩት ድምፅ ወጣ። ምርጫ ቢያጣ በኪሎው ቦታ ላይ «ስባኛለች» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማህተሙን አሳረፈበት።

አሁን ሚዛኑ ተጠግኗል። ሐሙስ ደግሞ ከወረዳ አዲስ ነርስ ትመጣለች አሉ፤ ሳቅ የማታውቅ፣ ቁጥር ብቻ የምታይ ናት ይባላል። ካርዱን ገልጣ «ያለፈው ወር ስንት ነበረች?» ማለቷ አይቀርም። ጨመረች ለማለት ከስንት ተነስታ ጨመረች ይባላል? «ስባኛለች» ስንት ኪሎ ነው? ማስተዋል እንደሆነ የበቆሎውን ከረጢት እንደገና አንስታለች። የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከሐሙስ በፊት ምከሯት።