የምትንከባለለው ኳስና ብርሃኗ

አንድ የኳስ አሰልጣኝ ነበረ። ትርሲት፣ ከትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርነት አውርደው ተራ የሂሳብ መምህር ካደረጉሽ ወዲህ ከቤት አልወጣሽም፤ ዛሬ መጥተሽ «ጋሼ፣ የነበረኝ ሁሉ የወንበሩ ነበር እንዴ? ሰኞ ክፍል ልግባ ወይስ ሥራውን ልልቀቅ?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ምሳሌ ካልያዝኩ መልስ አይወጣልኝም፤ ታውቂኛለሽ። እንግዲህ ታግሠሽ ስሚኝ።

ይህ ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ የሴቶች ቡድን ያሠለጥን ነበር። ንግግር አይሆንለትም፤ ማስተማሪያው እግሩ ነበር። «እንዲህ!» ይልና ኳሷን ይመታታል፤ ልጆቹም አይተው ያደርጉታል። በኋላ ስኳር በሽታ ጠናበትና ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲቀመጥ የቡድኑ ኮሚቴ አባላት ሊጠይቁት መጡ። «እግዜር ይማርህ፣ እኛም አዝነናል። ግን በአንድ እግር እንዴት ታሠለጥናለህ? እሑድ ተሰብስበን ሌላ ሰው እንመርጣለን» አሉት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እሱም ቢሆን የማውቀው ሁሉ ከእግሬ ጋር ተቀብሯል ብሎ ያምን ነበር፤ ሲያዩት አንጀት ይበላ ነበር። ቢሆንም «ከመምረጣችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡኝ» ብሎ ለመናቸው።

ልጆቹ አንድ ጥፋት ነበረባቸው፤ ኳሷን ከሥሯ እየመቱ ወደ ሰማይ ይሰዷታል። በመሬት የምትሄድ ኳስ ሊያሳያቸው ፈለገ። ግን በምን እግሩ? ሚስቱ በመሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ላይ ግድግዳ ላይ የሚበራውን ስላይድ የምታዘጋጅ ነበረችና ኮምፒውተሯን አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ አሠራሩንም አሳየችው።

ክብ ሣለ። ጥቁርና ነጭ አድርጎ የኳስ መልክ ሰጠው። ጠፍጣፋ እንዳይመስል ከላይ ብርሃን፣ ከታች ጥላ ቀባበት፤ ክቡም አበጠና ኳስ ሆነ። ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄድበት መንገድ አወጣላት። ቁልፉን ሲጫን ኳሷ ሄደች፤ ግን እንደ ሳሙና ተንሸራተተች እንጂ አልተንከባለለችም። መሽከርከር ጨመረላት። አሁን ደግሞ ተንሸራትታ ጥጉ ጋ ከደረሰች በኋላ ቆማ ትሽከረከር ጀመር።

ሚስቱ ሳቀች። «ምነው፣ ከደረሰች በኋላ ነው እንዴ መንከባለል ትዝ ያላት?»

እሱም ሳቀ፤ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። መሄዱና መሽከርከሩ እኩል እንዲጀምሩ አደረገ። ስንት ጊዜ ትዙር? እውነተኛ ኳስ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገና ወለሉ ላይ በክራንቹ እየገፋ ለካት፤ አንድ ዙር ስትጨርስ የራሷን ስፋት ሦስት ጊዜ ከጥቂት ትሄዳለች። እንደዚያው አስተካከለ።

አሁንም አንድ ነገር ይጎረብጠው ነበር። ኳሷ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ ግን ውሸት ናት። ሁለት ቀን ሙሉ አፍጥጦ ቢያያትም ምኗ እንደሆነ ጠፋው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ተይው፣ ውሰጂው ይሄን ኮምፒውተር» አለና ወለሉ ላይ ያለችውን ኳስ በንዴት በክራንቹ ገፋት። ኳሷ በመስኮቱ ፊት ቀስ ብላ አለፈች። የጠመኔው ምልክት ወደ ታች ወረደ፣ ከሥር ገባ፣ በሌላ በኩል ወጣ። ከመስኮቱ ገብቶ አናቷ ላይ ያረፈው ብርሃን ግን አብሯት ሄደ እንጂ ከአናቷ ንቅንቅ አላለም።

«ቆይ!» አለ። «ቆይ፣ አትውሰጂው!»

ለካ ብርሃኑን ከኳሷ ጋር አንድ ላይ ቀብቶት ኖሯል። ኳሷ ስትዞር ብርሃኑ አብሮ እየዞረ ከሥሯ ይገባል፣ ጥላውም አናቷ ላይ ይወጣል። ብርሃኑንና ጥላውን ከኳሷ ላይ አነሳ። ሌላ ክብ ሠራ፤ እንደ መስታወት ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ያለበት ክብ። ኳሷ ላይ ደረበው። የኳሷን መንገድ ሰጠው፤ መሽከርከሩን ግን ከለከለው። ቁልፉን ተጫነ፤ ኳሷ ተንከባለለች። ሚስቱ ልትይዛት እጇን ዘረጋች።

ሰውየው አለቀሰ። ዐሥራ አምስት ዓመት ኳስ ሲያይበት የኖረው ዐይኑ ከእግሩ ጋር አለመቆረጡን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ዕለት በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለልጆቹ አሳያቸው። መሃሏን ሲመቷት በመሬት እንዴት እንደምትሄድ፣ ከሥሯ ሲመቷት እንዴት እንደምትነሳ፣ እያዘገየ፣ እየመለሰ አስረዳቸው፤ ያ ንግግር የማይሆንለት ሰው እንደምንም አፉ ተፈታ። አንዷ ተከላካይ ሳይታወቃት ወንበሯ ላይ እንዳለች እግሯን ሰነዘረች። የኮሚቴው ሊቀመንበር «በሉ ወደ አዲሱ አሰልጣኝ ምርጫ እንለፍ» ሲል አምበሏ ዞር ብላ «የምን አዲስ?» አለችው። ምርጫው በዚያው ቀረ።

ትርሲት ልጄ፣ የአንቺም ስህተት ይኸው ነው። ብርሃንሽን ከወንበሩ ጋር አንድ ላይ ቀባሽውና ወንበሩ ሲገለበጥ ብርሃኑም ከሥር የገባ መሰለሽ። ኑሮ ይንከባለላል፤ ላይ የነበረው ጎን ይወርዳል፣ ጭቃም ይነካዋል። አያምም አልልሽም፤ ያደረጉብሽ ነገር እኔንም አንገብግቦኛል። ያ ማስተዋልሽ፣ ለደካማው ልጅ ያለሽ ትዕግሥት ግን ከወንበሩ አልመጣም። እሱ አብሮሽ ይሄዳል እንጂ አብሮሽ አይገለበጥም። ሰኞ ጠዋት ሃምሳ ልጅ ክፍልፋይ አልገባው ብሎ ቁጭ ይላል። ከመካከላቸው ትናንት ምን እንደነበርሽ የሚጠይቅሽ አንድም የለም። ግቢና አስተምሪያቸው።